የመጀመሪያውን ካሜራና ሌንስ በአነስተኛ ገንዘብ ስለ መግዛት

የአንድ ሱቅ ዕቃ ቀድሞ ለገዢ ይታይ የነበረው በመደርደሪያውና በመስኮቱ ብቻ ነበር። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ የሚወጣው ሰው ሲያልፍ ዐይኑን ጣል ያደርጋል፤ ዕቃው የማረከው እንደ ሆነ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ያልማረከው እንደ ሆነ መንገዱን ይቀጥላል። ዛሬ ግን ጅማ ወይም ደሴ የተቀመጠው ቸርቻሪ አዲስ አበባ ሳይመጣ በቴሌግራም የተላከለትን ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ዕቃ ያዛል። ቆዳና የሽመና ሥራ ወደ ውጭ አገር የሚልከው ነጋዴም ቢሆን ናሙናው ከመድረሱ በፊት ፎቶግራፉ ይቀድመዋል። ፎቶግራፉ የደበዘዘ እንደ ሆነ ዕቃውም የደበዘዘ ይመስላል። ይልቁንም ጨርቁ በፎቶግራፉ ላይ ሰማያዊ መስሎ፣ ጥቅሉ ሲፈታ አረንጓዴ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል፤ የመጫኛውም ኪሳራ በሻጩ ላይ ይወድቃል።

በዚህ ምክንያት በተክለ ሃይማኖትና በአካባቢው ካሜራ ለመግዛት የሚያስቡት ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የራሱን ሸቀጥ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚፈልገው ባለ ሱቅ ነው፤ ሁለተኛው አነስተኛ ፎቶ ቤት ለመክፈት ወይም ሠርግና ክርስትና እየተዘዋወረ በማንሣት ለመተዳደር ያሰበው ወጣት ነው። የሁለቱም ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ከሻጩ ፊት ሲቆሙ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄም አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ይኸኛው ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ሻጩም ቁጥሩን ይናገራል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውም ከፍ ይላል።

ይህ ጥያቄ መጠየቁ ባይከፋም መቅደም ግን አይገባውም። አንድ ሜጋፒክስል ማለት አንድ ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት የሚታተመው የተለመደው ፎቶግራፍ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከ2 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነጥብ ይበቃዋል። የጽሕፈት ወረቀት የሚያህለው ኤ4 እንኳ 9 ሚሊዮን አይሞላም። በእጅ ስልክ ለሚታይ ፎቶግራፍማ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበው ባለ 12 ሜጋፒክስሉ ኒኮን ዲ90 ለፎቶ ቤት ሥራ የሚጎድለው ነጥብ የለም። ባለ 24 ሜጋፒክስል መሣሪያ የሚጠቅመው ፎቶግራፉን ከጠርዝ ከጠርዝ ቆርጦ ለማስተካከል ወይም በጣም ትልቅ አድርጎ ለማሳተም ሲፈለግ ነው። ለነጥብ ብዛት ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፣ ጆንያው አይሞላለትም እንጂ ሁለት ኩንታል የሚይዝ ጆንያ እንደ ገዛ ሰው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ዲኤስኤልአር የተባለው ካሜራ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ካሜራ ውስጥ፣ ከሌንሱ በስተኋላ፣ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ አነስተኛ መስተዋት አለ። በሌንሱ በኩል የገባው ብርሃን በመስተዋቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣና አንሺው ዐይኑን በሚያሳርፍበት ቀዳዳ ይታያል፤ ስለዚህ አንሺው የሚያየው ሌንሱ የሚያየውን ራሱን ነው። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ መጋረጃው ይከፈታል፤ ብርሃኑም በድሮው ፊልም ፋንታ በተተካው ሴንሰር ላይ ያርፋል። የካሜራው አካል፣ በገበያው አጠራር «ቦዲ» የሚባለው፣ ይህን መስተዋት፣ መጋረጃና ሴንሰር የያዘው ሣጥን ነው። ሌንሱ ግን ተፈትቶ በሌላ ሌንስ ይተካል። ይህም ማለት ገዢው በአንድ ጊዜ የሚገዛው አንድ ዕቃ ሳይሆን ሁለት ዕቃ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው ዕድሜና የየራሳቸው ዋጋ አላቸው።

የእነዚህ ካሜራዎች የዋጋ ታሪክ ለነጋዴ የሚያስተምረው ነገር አለ። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1991 በኒኮን ኤፍ3 ላይ የሠራው የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበ ዲኤስኤልአር ካሜራ ነጥቡ 1.3 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ ዋጋው ወደ 20,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ የካኖን 300ዲ ከ1,000 ዶላር በታች በመሸጡ መሣሪያው በተራው ሰው እጅ ገባ። አሁን ደግሞ ዓለም መስተዋት ወደሌላቸው፣ ሚረርለስ ወደሚባሉት ካሜራዎች አዘንብሏል። ካኖንም ኒኮንም ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም፤ ካኖን በዚያ ዓመት ያወጣው 1ዲኤክስ ማርክ 3 የዚህ ዐይነቱ የመጨረሻ ዋና ካሜራው እንደሚሆን የኩባንያው ኀላፊ በ2021 መጨረሻ ገልጸዋል። ፔንታክስ ብቻ በአሮጌው መንገድ ጸንቶ ቆይቷል። በአውሮፓና በእስያ ያሉት አንሺዎች አሮጌውን ሸጠው አዲሱን ስለሚገዙ፣ ያገለገለው ዲኤስኤልአር በብዛት ለገበያ ይወጣል። ሌላው ሰው የሚሸሸው ዕቃ ደግሞ ገንዘቡ ላነሰው ሰው መልካም ዕድል ነው፤ ይሁን እንጂ የትኛው ክፍሉ ዋጋውን እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚጥል ያወቀ እንደ ሆነ ነው።

ቦዲው ዋጋውን ይጥላል። መጋረጃውና መስተዋቱ በየተኩሱ የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ ያረጃሉ፤ ኒኮን ለዲ3200 እስከ 100,000፣ ለዲ7000 ደግሞ እስከ 150,000 ተኩስ የተፈተነ መጋረጃ እንዳላቸው አስታውቋል። በአንድ ሠርግ 1,500 ጊዜ የሚተኩስ ሰው የ100,000ውን ዕድሜ የሚጨርሰው በ67ኛው ሠርግ ነው። ሌንሱ ግን ከውድቀት፣ ከአቧራና ከሻጋታ የተጠበቀ እንደ ሆነ ብዙ ቦዲዎችን ይቀብራል። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ መግጠሚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ በዚያን ጊዜ ለፊልም ካሜራ የተሠራው ሌንስ ዛሬም በካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ይገጥማል። ከዚህም አልፎ ኩባንያው በ2018 ባወጣው አገናኝ ቀለበት አማካይነት በአዲሶቹ መስተዋት የለሽ ካሜራዎች ላይ ራሱን እያስተካከለ ይሠራል። ስለዚህ በሌንስ ላይ የዋለው ገንዘብ ወደ ፊት ይሻገራል፤ በቦዲ ላይ የዋለው ግን እዚያው ያልቃል። አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው ቦዲውን ያገለገለና ርካሽ፣ ሌንሱን ግን የተሻለ አድርጎ መግዛት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በገበያው የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ሁሉ በቦዲው ላይ አውጥቶ፣ በሣጥኑ ውስጥ አብሮ በመጣው ሌንስ ይቀራል።

አብሮ የሚመጣው ሌንስ «ኪት ሌንስ» ይባላል፤ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ሲሆን፣ ሲቀርብ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ነው። የኤፍ ቁጥር አነስ ባለ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ብዙ ብርሃንም ያስገባል። በገበያው ርካሽ ከሚባሉት ሌንሶች አንዱ የሆነው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከዚህ ኪት ሌንስ ከዘጠኝ ጊዜ በላይ የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ይህ በሥራ ላይ ምን ማለት ነው? በመሸ ጊዜ፣ በአምፖል ብርሃን በሚበራ አዳራሽ ውስጥ፣ ኪት ሌንሱ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ባለ 1.8ቱ በሰከንድ አንድ መቶኛ ያነሣል። በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ሙሽራዋ አንገቷን ታዞራለች፤ እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻ ፈጽሞ አይያዝም፤ ፎቶግራፉ ጭስ የመሰለ ሆኖ ይቀራል። በአንድ መቶኛው ግን ፊቷ ጥርት ብሎ ይወጣል። የሠርግ ባለቤት የሠርጉን ቀን መልሶ ሊያመጣ አይችልምና እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የሰጠ አንሺ ገንዘቡን ቢመልስ እንኳ ስሙን አይመልስም።

ለባለ ሱቁ ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ጫማ፣ ድስት ወይም የጨርቅ ጥቅል አይንቀሳቀስም። ዕቃው ሁሉ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ እንዲታይ ቀዳዳው መጥበብ፣ ወደ ኤፍ 8 አካባቢ መሆን አለበት፤ በዚህ ቀዳዳ ደግሞ ርካሹ ኪት ሌንስ ከውድ ሌንስ ጋር እምብዛም አይለያይም። ካሜራው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ከቆመ ተኩሱ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅም ምንም አይጎዳም። እንዲያውም ዕቃውን በቴሌግራም ብቻ የሚያሳይ ነጋዴ ካሜራ ከመግዛቱ አስቀድሞ በእጁ ያለውን ስልክ በመስኮት አጠገብ፣ በመቆሚያ ላይ አድርጎ ቢሞክር መልካም ነው፤ ያ ከበቃው ገንዘቡ በሸቀጥ ላይ ይዋልለት። ካሜራ ሻጮች ይህን ምክር ባይወዱት የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሌንስ ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት ቤቱ ነው፤ ይህንንም ብዙ ሰው ይረሳዋል። በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ ዙሪያ የሚከራዩት ክፍሎች ጠባብ መሆናቸው የታወቀ ነው። በእነዚህ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ የሴንሰሩ ረጅሙ ጎን 22 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የኒኮኑ ትንሽ ይሰፋል። ከዚህ ተነሥቶ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በየአንዱ ሜትር ርቀት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል፤ 35 ሚሊ ሜትር 64 ሳንቲ ሜትር፤ 18 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1 ሜትር ከ24። ከወገብ በላይ ለሆነ ፎቶግራፍ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይበቃልና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2 ሜትር ርቀት በቂ ነው። የቆመ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ለማንሣት ግን 2 ሜትር ቁመት ስለሚያስፈልግ አንሺው 4 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት። ከተነሺው በስተኋላ ጥላው በመጋረጃው ላይ እንዳያርፍ 1 ሜትር፣ አንሺው ራሱ ለሚቆምበት ደግሞ ግማሽ ሜትር ሲጨመር፣ ክፍሉ 6 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ነው። ክፍሉ 4 ሜትር ከ60 ብቻ ከሆነ የ35 ሚሊ ሜትሩ ይስማማዋል። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ ተሰልፎ 3 ሜትር ስፋት የሚይዝ እንደ ሆነ 50 ሚሊ ሜትሩ ወደ 7 ሜትር ርቀት ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ አንሺው ከበሩ ወጥቶ በመንገዱ ላይ ቆሞ ሊያነሣ ነው!

«እንግዲያው በ18 ሚሊ ሜትሩ ሁሉንም አነሣለሁ» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን ሰፊ ሌንስ ወደ ሰው ፊት ሲቀርብ አፍንጫን ያገዝፋል፤ ጆሮን ወደ ኋላ ይወስዳል፤ በጠርዝ የቆመውንም ሰው ያወፍራል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ የተነሡ እመቤት እንዲህ ሆነው ራሳቸውን ቢያዩ ሁለተኛ ወደዚያ ፎቶ ቤት አይመለሱም። ስለዚህ ለቤተሰብ ሥራ ኪት ሌንሱ ወደ 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ተደርጎ በብርሃን ረዳትነት ቢሠራበት ይሻላል፤ ለአንድና ለሁለት ሰው ግን ባለ 1.8ቱ ይወጣ።

ካኖን ወይስ ኒኮን የሚለው ክርክር በወጣቶች ዘንድ የእግር ኳስ ክርክር ያህል የጋለ ነው። በፎቶግራፉ ጥራት ረገድ ለጀማሪ የሚሆን ልዩነት የለም። በሌንሱ መግጠሚያ ረገድ ግን ገንዘብ የሚያስከፍል አንድ ልዩነት አለ። በካኖን ኢኤፍ ሌንሶች ሁሉ ውስጥ ትኩረቱን የሚያስተካክለው ሞተር ያለው በሌንሱ ውስጥ ነው። በኒኮን ግን የቆዩት ኤኤፍና ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት ሌንሶች ሞተር የላቸውም፤ የሚሠሩት በቦዲው ውስጥ ባለ ሞተር ነው። ዲ90ና ዲ7000 ይህ ሞተር አላቸው፤ ርካሾቹ ዲ3000 እስከ ዲ3500 ያሉትና የዲ5000 ተከታታዮች ግን የላቸውም። እንዲህ ያለ ርካሽ ቦዲ ገዝቶ፣ በላዩ ርካሹን አሮጌ 50 ሚሊ ሜትር የገዛ ሰው ሌንሱ ቢገጥምለትም ትኩረቱን በእጁ ሊያዞር ይገደዳል፤ በሠርግ ግርግር መካከል ደግሞ ይህ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ለእነዚህ ቦዲዎች ኤኤፍ-ኤስ የሚል ምልክት ያለው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8፣ መመረጥ አለበት። በካኖን በኩል የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ኢኤፍ-ኤስ የተጻፈበት ሌንስ ሙሉ ሴንሰር ባላቸው ውድ ዲኤስኤልአሮች ላይ አይገጥምም። ዮንግኑዎ የተባለው የቻይና ኩባንያ የካኖኑን 50 ሚሊ ሜትር የሚመስል ከዚያም የረከሰ ሌንስ ይሠራል፤ ያገለግላል፤ ሲጠገንና ሲሸጥ ግን የካኖኑን ያህል አይፈለግም።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው እንደ በሬ ገዢ ጥርሱን ማየት አለበት። መጀመሪያ የተኩሱ ብዛት ይጠየቅ። ኒኮን ይህን ቁጥር በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር ማየት ይበቃል፤ በብዙዎቹ የካኖን ካሜራዎች ግን ቁጥሩ በፋይሉ ውስጥ ስለሌለ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 22 ጠብቦ ነጭ ግድግዳ ይነሣ፤ በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች በሴንሰሩ ላይ ያረፈ ብናኝ ናቸው። በዐይን ማሳረፊያው በኩል ብቻ የሚታይ ብናኝ ግን በፎቶግራፉ ላይ አይወጣምና ዋጋ ለማስቀነሻ ካልሆነ በቀር አያስፈራም። ሌንሱ ተፈትቶ ከኋላው የእጅ ባትሪ ይብራበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን በእርጥብ ቤት ያሳለፈ ሌንስ የሚይዘው በሽታ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ሌንስ በነጻ ቢሰጥ እንጂ አይገዛም። የባትሪው ጎን ያበጠ እንደ ሆነ፣ የማስታወሻ ካርዱ መግቢያ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች የተጣመሙ እንደ ሆነ ግዢው ይቅር። ካርዱም ቢሆን በላዩ የተጻፈው ልክ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ጭኖ መልሶ ማንበብ ነው፤ ልኩ የተዋሸበት ካርድ በገበያ ሞልቷል፤ የሚጋለጠውም ብዙ ጊዜ በሠርጉ እኩሌታ ላይ ነው።

የሻጩ ማንነትም እንደ ዕቃው ይመረመር። የካሜራውና የሌንሱ ተከታታይ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ተጽፎ ቢሰጥ ለገዢውም ለሻጩም ይበጃል፤ ቁጥሩን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ዕቃው ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ መገኘት ገንዘብ ከማሳጣቱም በላይ በሕግ ያስጠይቃል።

ከሌንሱ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ብርሃን ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ካለ፣ በመስኮቱ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቶ፣ በተቃራኒው በኩል ነጭ ካርቶን ቢቆም ለጉርድ ፎቶግራፍም ለሸቀጥም የሚሆን ለስላሳ ብርሃን በጥቂት ብር ይገኛል። መስኮት ለሌለው ክፍል ወይም ለምሽት ሥራ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ አንድ ተራ ፍላሽ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ፍላሹ በቀጥታ ወደ ሰው ፊት ሳይሆን ወደ ነጭ ኮርኒስ ወይም ወደ አቡጀዲው ይተኮስ። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ግን በአንድ ላይ አይደባለቁ፤ ቀለማቸው ስለሚለያይ የጨርቁ እውነተኛ ቀለም ይጠፋል። በመግቢያው ላይ የተነገረው ሰማያዊና አረንጓዴ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከሥራው በፊት አንድ ነጭ ወረቀት በዕቃው ቦታ አስቀምጦ ካሜራውን በእርሱ ማስተካከል መድኀኒቱ ነው።

በአገራችን ሥራ ላይ በተለይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ነጭ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የሞላበትን ሠርግ ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ያጠቁረዋል፤ ነጩ ልብስ ዐመድ ይመስላል። አንሺው የብርሃኑን መጠን በአንድ ደረጃ ከፍ ቢያደርግ ልብሱ ነጭ ይሆናል። በቀትር ፀሐይ ግን ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ የጥበቡ ጌጥ ከነጩ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋልና እየተነሣ በካሜራው መስኮት መመልከት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ወደ ገንዘብ ሲመለስ፣ ሠርግና ፎቶ ቤት ያሰበው ሰው ካለው ዐሥር እጅ አራቱን ለቦዲው፣ ሦስቱን ለሌንስ፣ ሁለቱን ለብርሃንና ለመቆሚያ፣ አንዱን ለተጨማሪ ባትሪ፣ ለካርድና ለማጽጃ ቢያውል ሚዛኑ የተጠበቀ ይሆናል። ሁለተኛ ባትሪ የሌለው አንሺ ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠራ አንሺ ነው። ቀድሞ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበሩት በአርመናዊው በቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን በወረሱት ልጆቻቸው ዘመን፣ የፎቶ ቤት ካፒታል በጨለማ ክፍሉ፣ በመድኀኒቱና በወረቀቱ ውስጥ ነበር፤ በየተኩሱም ገንዘብ ይወጣ ነበር። ዛሬ ተኩሱ በነጻ ነው፤ ካፒታሉ ግን በአንድ ጊዜ በመሣሪያው ላይ ይወጣል፤ ስሕተቱም በአንድ ጊዜ ነው። ከጉርድ ፎቶግራፍ ይገኝ የነበረው የዕለት ገቢም እንደ ድሮው ሊታመን አይችልም፤ የፋይዳ መታወቂያ ተመዝጋቢውን በምዝገባው ቦታ ራሱ ያነሣዋል። ዕዳውን በ3 በ4 ጉርድ ሊከፍል ያሰበ ሰው ሒሳቡን እንደገና ይመልከት።

የአስመጪውም ሒሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ 130 ዶላር ገደማ የነበረው የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ቀረጥና መጓጓዣ ሳይጨመር በቀድሞው ምንዛሪ 7,410 ብር ሲሆን፣ በ100 ብር ሒሳብ ግን 13,000 ብር ነው፤ በዚህ ላይ 100 ከ15 የተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ገዢው ይህን ያህል ከተጫነበት፣ ከማይፈልጋቸው ማጣሪያዎች፣ ከቀላል ቦርሳና ከደካማ መቆሚያ ጋር የተጠቀለለ ሣጥን በማስመጣት ምንዛሪ ማባከን አስመጪውንም አይጠቅምም። በዓለም አቀፉ የሸቀጥ አመዳደብ ዲጂታል ካሜራ በ85.25፣ ለብቻው የሚመጣ የካሜራ ሌንስ ደግሞ በ90.02 ስለሚመደቡ፣ ፋክቱሩ ሁለቱን ለይቶ እንዲጽፍ አቅራቢውን አስቀድሞ ማሳሰብና በየምድቡ የሚከፈለውን ቀረጥ ከጉምሩክ መጠየቅ በመጋዘን ከመከራከር ያድናል። በአሁኑ ጊዜ የሚያዋጣው ያገለገለ ቦዲ ላላቸው ሰዎች ደማቅ ሌንስ፣ እውነተኛ ባትሪና ባትሪ መሙያ፣ ፍላሽና አስተማማኝ ካርድ ማቅረብ ነው። ቦዲ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ባትሪና ካርድ ግን ደንበኛውን በየዓመቱ ወደ ሱቁ ይመልሱታል።

ወራቱን ማወቅም ገንዘብ ነው። ብዙው ሠርግ ጥር ላይ ስለሚውል ካሜራውን በታኅሣሥ መጨረሻ የሚገዛ ሰው ለመፈተን ጊዜ አያገኝም፤ እንከኑን የሚያውቀው በሰው ሠርግ ላይ ነው። ከኅዳር 15 በፊት የገዛ ግን ሠርግ በማይደገስበት በነቢያት ጾም 40 ቀን ያህል በእጁ አድርጎ ይለማመዳል፤ እንከን ቢገኝበትም ሻጩን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ አለው። በዚያው ጾም ውስጥ፣ ታኅሣሥ 24፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የልደት በዓል ይውላል፤ ነጭ ለብሶ ከንጋት ጀምሮ ወደ ደብሩ የሚጎርፈው ሕዝብ፣ የዣንጥላው ቀለምና የማለዳው ደካማ ብርሃን ሌንሱን፣ ባትሪውንና አንሺውን በአንድ ቀን ለመፈተን የሚስማማ ነው።